ስለማይከፈቱት የበርሒ ሕንፃ መስኮቶች

ለተከበሩ ኡስታዝ ናዚም አል-ሙላ፣
የበርሒ የንግድ ሕንፃ አስተዳደር ቦርድ ሰብሳቢ፣
ባስራ

ክቡር ሆይ፤ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ ላብ ሳይነካዎ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። በዚህ ወር ባስራ ውስጥ ላብ የማይነካው ሰው ጥቂት ነው፤ እርስዎ ከነዚያ ጥቂቶች አንዱ ስለሆኑ ምኞቴ መሬት ላይ እንደማይወድቅ አውቃለሁ።

ሳጂዳ ዓብዱልዋሒድ እባላለሁ፤ ሰው ኡም ረዋ ይለኛል። በሕንፃዎ ሦስተኛ ፎቅ፣ በወንዙ በኩል ባለው ጀርባ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስሰፋ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የምጽፍልዎ ቅሬታ ለመደርደር ብቻ አይደለም፤ ምስጋናም አለብኝ፤ በእሱ ልጀምር።

አንደኛ፣ አምና በየካቲት ተከራዮችን ሰብስበው መስኮቶቹ ሁሉ በኃይል ቆጣቢ ድርብ መስታወት እንደሚለወጡ ሲያበስሩን፣ በሁለቱ መስታወቶች መካከል የታሸገው አየር ሙቀቱን እንደሚያግድ፣ ማቀዝቀዣው እንደሚያርፍ፣ ለጄኔሬተሩ ነዳጅ የምናዋጣውም ቀንሶ ከኪራያችን ጋር የምንከፍለው የመስታወቱ ወጪ በሦስት በጋ ራሱን እንደሚመልስ ሲያስረዱን፣ መዳፌ እስኪቀላ ካጨበጨቡት አንዷ ነበርኩ። የተባለውም ሐሰት አልነበረም። ውሌን ለማደስ በሕንፃው የመንገድ ፊት በኩል ወዳለው ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት መስታወትዎን ነካሁት፤ ጥላ ውስጥ እንደዋለ ገንቦ ይቀዘቅዛል። ከልብ የማመሰግነው ያንን መስታወት ነው።

ሁለተኛ፣ የእኛ የጀርባዎቹ መስታወት ግን እንደ ካውያ ይፋጃል። "ኃይል ቆጣቢ" የሚል ወርቃማ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ እጀታው ተነቅሏል፤ ዙሪያው በሲሊኮን ተደፍኗል። ሥራ አስኪያጅዎን መሐንዲስ ቁሰይን ብጠይቃቸው፣ "ኡም ረዋ፣ ይሄ እኮ እንዲከፈት አይደለም የተሠራው። ቅዝቃዜውን ይይዘዋል፤ ትንሽ ይታገሡ፣ ይለምዱታል" አሉኝ። ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው ሐጂ ሙዛሕም ከበራቸው ላይ ሆነው ይሰሙ ኖሮ፣ "አይ ቁሰይ ልጄ! ቅዝቃዜውን ከያዘውስ የትኛው እስር ቤት አስገባው? እኛ ጋ እኮ አልደረሰም!" ቢሉ ኮሪደሩ በሙሉ ሳቀ። መሐንዲሱም ሳቁ። ክቡር ሆይ፣ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ያ ሳቅ ነው፤ ስቀን ወደየሥራችን ገባን።

ሦስተኛውን ባልጽፈው እመርጥ ነበር። ሐምሌ አሥራ አንድ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ መብራት ጠፋ፤ ጥቂት ቆይቶ ጄኔሬተሩም ተከተለው። ሠራተኞቼን ወደየቤታቸው ሰድጄ በሬን ስዘጋ የሐጂ ሙዛሕም በር ገርበብ ብሎ አየሁ። ጠረጴዛቸው ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ቆዳቸው ደርቆ ይፋጃል፤ ላብ የሚባል የለባቸውም።

"ሐጂ! ሐጂ፣ ይሰሙኛል?" ብል በተሳሰረ ምላስ፣ "መስኮቱን... መስኮቱን ክፈቺው እንጂ፣ አንቺ ልጅ" አሉኝ። መስኮቱ እንደማይከፈት ረስተውት ነበር።

ሊፍቱ ቆሟል። እሳቸው ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ብቻዬን ላነሣቸው አልቻልኩም። ወደ ደረጃው ጮኼ ተጣራሁና የብረት ካውያዬን አምጥቼ መስታወቱን መታሁት። በአንድ ምት ረገፈ። ሁለተኛውን ልመታ እጄን እንደ ሰነዘርኩ ቀረሁ፤ ሁለተኛ መስታወት የለም። ከዚያ ወዲያ ያለው ወንዙ ብቻ ነበር። የገባው ነፋስ ትኩስ ቢሆንም ነፋስ ነው። የመጠጥ ውኃዬን በራሳቸውና በደረታቸው ላይ አፈሰስኩ፤ አራት ወንዶች ደርሰው በብርድ ልብስ ተሸክመው እስኪያወርዷቸው ድረስ በዩኒፎርም ጨርቅ አራገብኩላቸው።

በማግስቱ አንድ መስታወት ገጣሚ መጥቶ አንድ ነገር አስተማረን። ክብሪት ጭረው ወደ መስታወት ሲያስጠጉት፣ በእውነተኛው ድርብ ላይ ነበልባሉ ተራርቆ ሁለት ቦታ ይታያል። በጀርባው በኩል በቀሩት አርባ አንድ መስኮቶች ፊት አርባ አንድ ክብሪት ጫርን። አንድም ሁለት የሆነ ነበልባል አላየንም። ኮሪደሩ ላይ ማንም አልሳቀም።

ሐጂ ሙዛሕም በሕይወት አሉ፤ አልሐምዱሊላህ። ሳምንት ሙሉ ሆስፒታል ተኝተው ወጥተዋል። ቤታቸው ልጠይቃቸው ብሄድ የልጅ ልጃቸውን ሰዓት ከፍተው ይዘዋል፤ መቆንጠጫው ከጣታቸው እያመለጠ ይወድቃል። "አትዪኝ ኡም ረዋ፣ ዛሬ ትንሽ ደክሞኝ ነው" አሉኝ። ዞር ብዬ ሻይ የምቀዳ መሰልኩ።

አራተኛ፣ ባለፈው እሑድ የደረሰኝ የቦርድዎ ደብዳቤ የሕንፃውን ንብረት ስለ ሰበርኩ የአንድ ድርብ መስታወት ዋጋ እንድከፍል ያዛል። አንድ ሰብሬ የሁለት እንድከፍል የተጠየቅሁት በዕድሜዬ የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ክፍያውን አልሸሽም። ሁለተኛው መስታወት የት እንዳለ ያሳዩኝና እሱንም ሰብሬ በአንድ ላይ እከፍላለሁ።

እስከዚያው የምንለምንዎ ብዙ አይደለም፤ የከፈልንበትን መስታወት ይግጠሙልን፤ ያንን ማድረግ ቢከብድ እጀታዎቹን ብቻ ይመልሱልን። እጀታ ኤሌክትሪክ አይበላም።

የቀዘቀዘ ግድግዳዎን፣ ያልተሰበረ መስታወትዎንና ያልተነካ ሕሊናዎን ፈጣሪ እንደያዘ ያቆይልዎ እያልኩ፣ ካውያዬን ለጊዜው አስቀምጬ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ፤

ሳጂዳ ዓብዱልዋሒድ
ሦስተኛ ፎቅ፣ በጀርባ በኩል

ማሳሰቢያ፦ ትናንት በሐጂ ሙዛሕም በር ላይ "ኃይል ቆጣቢ መስኮት ያለው ክፍል ይከራያል" የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ሰውየው ኪራያቸውን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከፍለዋል፤ ደግሞም አልሞቱም። ቦርዱ የቸኮለበት ምክንያት ካለ ቤተሰባቸው አስቀድሞ እንዲያውቀው በትሕትና እጠይቃለሁ።