ያላቃጠልኩት ገለባ

ኅዳር 9 ቀን

ለምወድህ ባለቤቴ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔም፣ ልጃችንም፣ እናትህም ደህና ነን። እናትህማ እኔን መቆጣት ሰልችቷቸው አንተን ይጠብቃሉ።

የአውቶቡሱ ሾፌር መልእክትህን አድርሶልኛል። «መሬቱ አይታመንም፤ እዚሁ ፋብሪካ አንድ ዓመት ልጨምር» ብለሃል አሉ። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ ሆድ ባሰኝ፣ በመጨረሻ ወረቀት ፈለግኩ።

ያ የስንዴ በሽታ፣ ዋጉ፣ ዘንድሮም መጥቷል። ያኔ ስንዴያችንን ጠራርጎ አንተን ከቤት ያስወጣው ራሱ ዋግ። ማሳችን ግን የያኔው አይደለም። ስንዴውን ቀነስኩ፣ እሱንም ከተለያየ ዓይነት ዘር ቀላቅዬ ዘራሁ፤ ከጎኑ ገብስና ባቄላ አደረግኩ። የግብርና ባለሙያዋ ናት «አንዱ ቢታመም ሌላው ይቆምልሻል» ብላ የመከረችኝ። ካለፈው ዓመት አጨዳ የቀረውንም ገለባ ሳላቃጥል መሬቱን እንዲያለብስ ተውኩት።

አንተ ገለባ ካልነደደ ማሳ የጸዳ አይመስልህም፣ አውቃለሁ። ወሬ አያድርበትምና አዋጅ የምንለው ጎረቤታችን «ወንድ የሌለበት ቤት፣ ማሳው ሳይቀር ጸጉሩ ተንጨባርሯል» እያለ መንደሩን አዳረሰ። እናትህም «ልጄ ሲመጣ ምን ይለኛል?» እያሉ መቀመጫ አሳጡኝ። አንድ ቀን ክብሪት ይዘው ማሳው ዳር ደረስኩባቸው።

«እማማ፣ መጀመሪያ እኔን ያቃጥሉኝ!» አልኳቸው።

«አንቺንማ ማን ደፍሮ!» ብለው ክብሪቱን ሰጡኝ። እዚያው ቆመን ሳቅን።

ከዚያ ዝናቡ ቀድሞ ቆመ። የሰው ማሳ ሲሰነጣጠቅ የእኛ ከገለባው ስር እርጥብ ነበር። ዋጉ አንዱን የስንዴ ዓይነት ጎዳው፣ ሌላውን አልነካውም። ባቄላውንማ ባየኸው! አዋጅ ትናንት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዘር ሊለምነኝ መጣ። ትንሽ አስለምኜ ሰጠሁት።

ጎተራው ሞልቷል። ከእንግዲህ አንድ ክፉ ዓመት ከቤት አያስወጣንም፤ ይህን በሙሉ አፌ እነግርሃለሁ።

እና ውዴ፣ የቀረኸው ለመሬቱ ከሆነ ና። ማሳውን እንደ ድሮው ካላደረግኩ እንዳትል እንጂ ሌላ የምልህ የለም። የቀረኸው ለሌላ ከሆነ ግን በመሬቱ አታሳብ፤ ቁርጡን ንገረኝ።

ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅህ፣ እጅህንም ከማሽኑ ያትርፍልህ። ልጃችን «አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?» ባለች ቁጥር «መሬቱ ሲያገግም» እላት ነበር። ትናንት ጎተራው ስር ቆማ ደግማ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?

ናፋቂህ፣
ሚስትህ