ሁላችን አለን?

ለውድ ወንድሜ ለራስል፤

ሰላምታዬ ከዚህ ከበረሃው ሙቀት ተነስቶ እዚያ በረዶው ውስጥ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? የወገብህ ሕመም ተሻለህ? ባለቤትህ ኮሪንስ ደህና ናት? ልጆቹስ? በረዶው ከደጃፋችሁ ለቀቀ ወይስ አሁንም በአካፋ ትዝቁታላችሁ? ከሁሉ በላይ እማዬ እንዴት ናት? እንቅልፍ ይወስዳታል? እህልስ ትቀምሳለች? እኔና ባሌ ዴል ከንዴት በስተቀር ደህና ነን።

ንዴቱ በማን ላይ እንደሆነ ታውቃለህ። ባለፈው ማክሰኞ ማታ ደውለህ፣ "እናቴን አየር ማረፊያ በር ላይ እንደ ጆንያ ጥለሻት ሄድሽ! ጎማ ላይ ያለ ቤት ቤት አይደለም፤ አሮጊት ናት፣ ከእንግዲህ እኔ ጋ ታርፋለች" ብለህ፣ መልሴን ሳትሰማ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። እኔ እኮ የስድስት ዓመት ታላቅህ ነኝ። የጫማህን ክር እያሰርኩ ትምህርት ቤት ያደረስኩህ እኔ ነኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር፤ ሆዴ እምቢ አለኝ። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩልህ፤ ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም።

"ሰው እንደ ሰው በትንሽ መኪና አይሸኝም?" ብለሃል። ይሸኛል። ዴልም ያሰበው እንደ አውቶቡስ የሚነዳውን ባለ ጎማ ቤታችንን ሰፈር አቁሞ፣ ከኋላ የምንጎትታትን ትንሿን መኪና ፈትቶ በእሷ ሊወስዳት ነበር። እምቢ ያለችው እማዬ ናት። "አራት ዓመት በዚህ ወንበር ተቀምጬ አገር ዞሬያለሁ፤ እስከ በሩም በዚሁ ወንበር ነው የምሄደው" አለች። በሰማንያ አምስት ዓመቷ አንድ ነገር ብትጠይቀኝ ልከለክላት ነው?

ደግሞ እማዬ እኛ ቤት እንግዳ አይደለችም፤ ሥራ አላት። ከአንድ ቦታ ከመነሳታችን በፊት ከወንበሯ ሆና ትጠራለች። "ጋዝ?" ስትል ዴል "ተዘግቷል!" ይላል። "አንቴና?" "ወርዷል!" "ደረጃ?" ስትል እኔ "ታጥፏል!" እላለሁ። በመጨረሻ "ሁላችን አለን?" ስትል ሦስታችንም ባንድ አፍ "አለን!" እንላለን። ከዚያ በፊት ሞተር አይነሳም። አባዬ ሞቶ እኛ ጋ ከመጣች ወዲህ ይህን ሳትል የተነሳንበት ቀን የለም።

አየር ማረፊያው ያን ቀን ገበያ ነበር፤ ተማሪው ሁሉ ለዕረፍት ተነቅሎ ወጥቷል። ዴል የተሳፋሪ ማውረጃውን መንገድ ይዞ ሲገባ እማዬ "ጣራ! ጣራ!" ብላ ጮኸች። ቀና ብንል መንገዱ ላይ ብረት ተጋድሟል፤ ከዘጠኝ ጫማ በላይ ከፍታ ያለው አይገባም የሚል ጽሑፍ አለበት። የእኛ ቤት አሥራ ሁለት ነው። እሷ ባትጮህ ጣራችንን ውጭ ትተን በገባን ነበር። ማረፍ አለባት የምትላት አሮጊት ይህች ናት።

እንግዲህ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ትንሿ መኪና እንደተያያዘች ግን ወደ ኋላ አይኬድም፤ ጎማዋ ይጣመምና ማያያዣው ይሰበራል። እንደኛ በጎማ ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እንዲህ ያለ ቦታ ከመግባቱ በፊትም ይፈታታል። ዴል ግን "ለሦስት ደቂቃ ብዬ ምን ያስፈታኛል" ብሎ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ነግሬዋለሁ፣ እስከ ዛሬም እየነገርኩት ነው።

ማያያዣው ደግሞ ነክሶ አልለቅም አለ። ዴል አስፋልት ላይ ተንጋሎ መዶሻ ያነሳል፣ ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ጥሩንባውን ይነፋል። አንዱ ባለ ታክሲ በመስኮት ብቅ ብሎ "ጓሮውንስ ለምን ተዋችሁት? እሱንም ጎትታችሁ አትመጡም ነበር!" አለን። አንዲት ፖሊስ ፊሽካዋን እየነፋች መጣችና "ይሄ ሰው ማውረጃ ነው እንጂ ቤት መሥሪያ አይደለም! ካልተነሳችሁ አስጎትተዋለሁ!" ስትል፣ ዴል ከሥር ሆኖ "የኔ እመቤት፣ ጎትቺልኝማ! ውለታሽን አልረሳም" አላት። በዚህ መሐል እማዬ ቦርሳዋን ይዛ ብቻዋን ወርዳለች። እኔ ፖሊሷን ለመንኳት። እናቴ ናት፣ ሰማንያ አምስት ዓመቷ ነው፣ እስከ ውስጥ ልሸኛት አልኳት። "ሁለት መኪና፣ ሁለት ሹፌር፤ ንቅንቅ የለም" አለችኝ። ደሜ ፈላ! ምን ላድርግ? ተሽከርካሪ ወንበር ለሚገፋው ሠራተኛ እናቴን በእጄ አስረከብኩ። አልጣልኳትም፣ ራስል። አስረከብኳት።

ሠራተኛው የትኬት ወረቀቷን አገላብጦ አየና "እማማ፣ መመለሻው የታል? ይሄ እኮ መሄጃ ብቻ ነው" አላት። እማዬ ሳቀች። "ልጄ ነው የቆረጠልኝ። እሱ ከልጅነቱም መውጣት ያውቃል፣ መመለስ ግን ይረሳል" አለችው። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። አንተ "ለአንድ ወር መጥታ ትየኝ" ነበር ያልከኝ። ማታ ስትደውል ነው ነገሩ የገባኝ፤ አልረሳህም። ሰው እናቱን እንደ ዕቃ በመሄጃ ብቻ ያስመጣል? እሷን ሳትጠይቅ? እኔን ጣልሻት ትለኛለህ፤ አንተ ግን ሰረቅካት።

ማያያዣው በመጨረሻ ለቀቀ። ዴል ትልቁን፣ እኔ ትንሿን ይዘን ልንነሳ ስንል፣ እማዬ የሚገፋትን ሰውዬ "ቆይ ልጄ" ብላ አስቆመችው። በዚያ ሁሉ ጥሩንባ መሐል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "ጋዝ?" አለች። ዴል በመስኮት "ተዘግቷል!" አለ። "አንቴና?" "ወርዷል!" "ደረጃ?" ለካ እሷ እንደወረደችበት ተዘርግቶ ቀርቷል፤ ከመኪናዬ ዘልዬ ወርጄ አጠፍኩት። "ታጥፏል!" አልኩ። ፖሊሷ ፊሽካዋን ከአፏ አወጣች፤ እኔ ግን ይቅር አላልኳትም።

ከዚያ "ሁላችን አለን?" አለች።

ዴል ለምዶበት "አለን!" አለ። እኔ ወደ መኪናዬ ተመልሼ ገባሁ። እማዬ አየችን፣ አየችንና "ውሸታሞች" አለች። ከዚያ ሰውየውን "በል ግፋ" አለችው።

መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ ነዳሁ። በማግስቱ ከነዳጅ ማደያ ስንነሳ የሚጠራ ሰው ስለሌለ ደረጃው ተዘርግቶ ቀረና ከምሰሶ ጋር ተላትሞ ተሰበረ። ዴል ለግማሽ ሰዓት አጠገቡ ቆሞ "ጠያቂ የሌለው ቤት" ብቻ ይላል።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርህ። እማዬን ፊት ለፊት ተቀምጠህ የት መኖር እንደምትፈልግ ጠይቃት። እዚያ ልቅር ካለች የተናገርኩህን አነሳለሁ፤ ልብሷንም አጣጥፌ እልካለሁ። መምጣት ከፈለገች ግን መመለሻዋን ቁረጥ። በእሷ ፋንታ አንተ መልስ አትስጥ።

ኮሪንን ሳምልኝ፤ በዚህ ነገር እጇ እንደሌለበት አውቃለሁ። ለትልቁ ልጅህ ለኔተን፣ ለትንሿ ለማርጎ ሰላም በልልኝ፤ ያን ሽማግሌ ውሻችሁንም እሸው። ለአንተም ሰላም እልሃለሁ፣ ብናደድብህም ወንድሜ ነህ።

ለእማዬ ይህን ጮክ ብለህ አንብብላት። ጋዙ ተዘግቷል። አንቴናው ወርዷል። ደረጃው ተሰብሯል፣ ዴል እየጠገነው ነው። ሁላችን የለንም።

እህትህ ቬልማ
ከአሪዞና በረሃ፣ ከባለ ጎማ ቤቶች ሰፈር
ማርች 17 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.