አሮጌውን ስዊችህን ከአለቅነት አወረድኩት

ሐይቅ፣ ማክሰኞ ኅዳር 16

አባዬ፣

ከየት እንደምጀምር አላውቅም፤ እያፈርኩ ነው የምነግርህ። ዛሬ አሮጌውን ስዊችህን ከአለቅነት አወረድኩት። ከተለየኸን ሰባት ወር ሆነ፣ እኔም ካንተ ሌላ ይህን የማጫውተው ሰው የለኝም። ከደስታዬ ብዛት እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ቢጣመም ይቅር በለኝ።

ቤታችን ደህና ነው። እማዬ ገበያ መውጣት ጀምራለች። የመሣሪያ ሳጥንህ ከአልጋዬ ሥር ነው። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ወደ ትምህርት አልተመለስኩም፤ አንተ በሠራህበት ኮሌጅ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ።

ከሁለት ሳምንት በፊት የኮሌጁ ኔትወርክ ይንቀራፈፍ ጀመር። አዲሱ ኃላፊ የዘረጋኸውን ሁሉ አስነቅለው በሌላ ለመተካት ከደሴ ባለሙያ ጠሩ። ያን ሰምቼ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልቻልኩም። ገመዱን ስትስብ መሰላሉን ይዤልህ የነበርኩት እኔ ነኝ እኮ።

ደብተርህን አወጣሁ። ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኙት ስዊቾች በቀለበት ስለተያያዙ ከመካከላቸው አንድ አለቃ ይመርጣሉ፣ መንገዱ ሁሉ ወደ እሱ ይቀናል፣ ትርፉ መንገድ ይዘጋል ብለሃል። ከሥሩም፦ «አለቃውን ራስህ ምረጥ። ዝም ካልካቸው የቅድሚያ ቁጥራቸው እኩል ስለሆነ ከፋብሪካ የወጣበት የአድራሻ ቁጥሩ ትንሽ የሆነው ይሾማል፤ እሱም ብዙ ጊዜ አሮጌው ነው።» ባጃጅ ውስጥ የገመዱን ጥቅል ጭኔ ላይ አድርጌ ስንሄድ የነገርከኝ ትዝ አለኝ። እንደ ዱአ ነው አልከኝ፤ ማን ይመርቅ ሳይባል ከተቀመጡ፣ ድምፁ ባይሰማም ሁሉም ዞሮ ሽማግሌውን ያያል።

ወዲያው የንብረት ክፍሉን ጋሽ ሙሄን በቅርቡ የተሰካ አሮጌ ስዊች አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። መጋዘን የነበረውን የመጀመሪያ ስዊችህን አውጥተው የሰኩት እሳቸው ኖረዋል። «የሱ እጅ የነካው ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም ብዬ ነው» አሉኝ። ለካ አንተን የወደዱ መስሏቸው ያን ደካማ አለቃ አድርገው የኮሌጁን ሸክም ሁሉ አሸክመውታል።

የስዊቾቹን ክፍል ከፈቱልኝ። ደብተርህ ላይ ባለው የይለፍ ቃል ገብቼ፣ ከሁለቱ ጠንካራ ስዊቾች የአዲሱን የቅድሚያ ቁጥር ወደ 4096 ዝቅ አደረግኩት፤ በዚህ ነገር የሚያሸንፈው ትንሹ ቁጥር ነው። ስዊቾቹ አዲሱን አለቃ እስኪመርጡ ኔትወርኩ በሙሉ ቆመ። ከዚያ መብራቶቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ ሆኑ፣ ለደቂቃዎች ይንከራተት የነበረው የኢንተርኔት ገጽ ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ተከፈተ! ጋሽ ሙሄ ያንተን ስዊች መታ መታ አድርገው፣ በል እንግዲህ ጡረታህን ብላ አሉት። ጮክ ብዬ ሳቅኩ አባዬ፣ እኔ።

ኃላፊው ግን በራሱ የተሻለው መስሏቸዋል፤ የደሴውም ሰው ነገ ረፋድ ላይ ሊነቅል ይመጣል። ጋሽ ሙሄ እኔ ልንገርልሽ ቢሉኝ እንቢ አልኩ።

አላህ ጀነትን ይወፍቅህ። ገመድ ስትስብ የምታንጎራጉራት አምባሰል እኔ እስካለሁ አትጠፋም።

ነገ ሰው ሳይገባ እገባለሁ። ሁለተኛው ጠንካራ ስዊች ላይ 8192 እሞላለሁ፤ አዲሱ አለቃ ቢቋረጥ አሮጌው ተመልሶ እንዳይሾም። ከዚያ የኃላፊውን በር አንኳኩቼ፣ አይነቀል፣ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፣ ያስተማረኝም አባቴ ነው እላቸዋለሁ።

ልጅህ ዘይነባ