ሰማዩ ላይ ስለተጻፈው የንብረት ቁጥር 37

ጥቅምት 12 ቀን 1997 ዓ.ም.
ካርቲየ 2፣ ጅቡቲ ከተማ

ለተከበሩ አቶ አምባው
የመረዳጃ ማኅበራችን የንብረት ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እያልሁ፣ ያለፈው የሙቀት ወራት በእርስዎም ሆነ በቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ ላይ አንዳች ጉዳት ሳያደርስ በማለፉ የተሰማኝን ደስታ እገልጻለሁ። እኔ በዚሁ ሰፈር አነስተኛ ፎቶ ቤት ያለኝ ከይረዲን ስሆን፣ ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍሁት፣ ከዚህ በፊት በእጅዎ የሰጠኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች ጠረጴዛዎ ላይ ዕረፍት እያደረጉ ስለሆነ እንዳልቀሰቅሳቸው ብዬ ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ የቆርቆሮ ጣሪያዬ ሙቀት ደንበኞቼ ፊቱ ቆመው የሚነሡበትን አንድ ለእናቱ የሆነውን ሥዕላዊ መጋረጃዬን ቀለም እያቀለጠ ስላስቸገረኝ፣ ቀዝቀዝ ባለው የማኅበሩ የድንጋይ መጋዘን እንዳስቀምጠው ፈቅደውልኛል። ለዚህ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ቀጥለው የሚመጡት ምስጋናዎች ግን እንደ አመጣጣቸው ይታዩልኝ።

አንደኛ፤ ወደ መጋዘን የገባ ዕቃ ሁሉ ቁጥር ይጻፍበት የሚለውን መመሪያዎን የመጋዘን ኃላፊው አቶ ጀንበሬ በታላቅ ትጋት ስላስፈጸሙ አመሰግናለሁ። ቀለም የተቀባ መጋረጃ እንዳይሰነጠቅ አይታጠፍም፤ ፊቱ ወደ ውጭ ሆኖ ከታች ጀምሮ በቧንቧ ላይ ይጠቀለላል። ስለዚህ አቶ ጀንበሬ ከጥቅሉ ላይ ያገኙት የሥዕሉን ሰማይ ነበር። ፏፏቴና ነጭ ፍርግርግ አጥር ካለው የአትክልት ቦታ በላይ፣ በቀይ የዘይት ቀለም «የንብረት ቁጥር 37» ብለው ጻፉበት። የእጅ ጽሑፋቸው ያምራል።

ሁለተኛ፤ ዓርብ ዓርብ በፊርማ አውጥቼ ማታ በፊርማ በምመልሰው በዚህ መጋረጃ ፊት፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በሰው ቤት የምትሠራ ትርሲት የምትባል ልጅ ባለፈው ነሐሴ ፎቶ ተነሥታ፣ ባቲ ላሉት እናቷ ለእማማ የውብዳር በከባድ መኪና ሹፌር እጅ ላከች። እናትየዋ ሲያዩት ልጃቸው ኮስተር ብላ ቆማለች፣ ከኋላዋ ፍርግርግ አለ፣ ከትከሻዋ በላይ ቀይ ቁጥር አለ። ልጄ ታስራለች ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀመጡ፤ ጎረቤትም እየመጣ ያጽናናቸው ጀመር። ትርሲት ደውላ ደኅና ነኝ ብትላቸው፣ ወታደሩ አጠገብሽ ቆሞ እንዲህ በይ እንደሚልሽ ገብቶኛል ልጄ፣ ብለው አለቀሱ። አሁን የሚያምኑት፣ እውነትም የአትክልት ቦታ ከሆነ፣ እዚያው ቦታ ቆማ፣ ቁጥር በሌለበት ሌላ ፎቶ ሲያዩዋት ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ በናፍጣ ብፈትገው ሰማዩም አብሮ ስለሚነሣ ቁጥሩን በሰማያዊ ቀለም ልሸፍነው ብዬ ብጠይቅ፣ በመዝገብ የሰፈረን ቁጥር መሰረዝ ንብረት ማጥፋት ስለሆነ ያለ ቃለ ጉባኤ እንደማይቻል፣ ኮሚቴውም የሚሰበሰበው ጥር ላይ እንደሆነ ተነግሮኛል። እማማ የውብዳር እስከ መቼ ማልቀስ እንዳለባቸው እንዲህ በግልጽ ስለተወሰነላቸው በስማቸው አመሰግናለሁ።

አራተኛው ምስጋና አይደለም፤ ከኮሚቴው ጋርም አይገናኝም። ሙያውን ያስተማሩኝ አባባ ሙጠሊብ፣ የተጠቀለለ መጋረጃ በንጹሕ አቡጀዲ ሳይሸፈን ከቤት አይወጣም ይሉ ነበር። አቡጀዲው ነበረኝ። የጠዋት ፀሐይ እንዳይቀሰቅሰኝ ብዬ መኝታ ቤቴ መስኮት ላይ ሰቅዬዋለሁ። መጋረጃውን ሸፍኜበት ቢሆን ኖሮ አቶ ጀንበሬ ያን ያማረ ቁጥራቸውን አቡጀዲው ላይ ይጽፉት ነበር፤ አንዲት እናትም ባላለቀሱ። ፎቶው እንዲያምር ኮስተር በይ ያልኋትም እኔ ነኝ። ሌላም አለኝ፣ ግን ከፊርማዬ በላይ ልጽፈው አልደፈርሁም።

ትርሲት ከቤት የምትወጣው በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓርብ ብቻ ነው። ስለሆነም ክቡርነትዎ ከሚቀጥለው መውጫዋ በፊት ከውድ ጊዜዎ ላይ አንዲት ፊርማ እንዲቆርሱልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ለመጋዘንዎ ደረቅ ወለል፣ ለመዝገብዎ ብዙ ባዶ ገጽ፣ ለእርስዎም ልጆችዎን ዘወትር ያለ ቁጥር የሚያዩበት ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ቁጥር አክባሪነትዎን ከማድነቅ ቦዝኜ የማላውቀው፣

ታዛዥዎ ከይረዲን
ፎቶ አንሺ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስሁ፣ ዛሬ የመውጫዋ ዓርብ ነውና፣ ትርሲት ከስልክ ቤት መጣች። እናቷ፣ ያ ፎቶ አንሺ ዐይን የለውም ወይ ብለው ጠይቀዋት ነበር። እሷ ልታሳጣኝ አልፈለገችምና፣ ዐይኑ ደካማ ነው፣ ቁጥሩን አላየውም ስትል መለሰችላቸው። እማማ የውብዳርም ለቅሷቸውን ገታ አድርገው፣ ፈጣሪ ዐይኑን ያብራለት ብለው መርቀውኛል። ክቡር ሆይ፣ ዐይኔ ጤነኛ ነው። ቁጥሩን በካሜራው ውስጥ አይቼዋለሁ፤ ግማሽ እርምጃ ወደ ቀኝ ጠጋ በይ ብላት ኖሮ በራሷ ይሸፈን ነበር። ወረፋው ረጅም ስለነበር፣ ትንሽ ነው፣ ማን ያየዋል ብዬ አነሣኋት። ኮሚቴው ጥፋተኛ የሚፈልግ ከሆነ፣ ከመዝገቡ እንዳረጋገጥሁት ቁጥር 38 እስካሁን አልተያዘም፤ አቶ ጀንበሬ ብሩሻቸውን ይዘው ብቅ ይበሉ፣ ግንባሬ ሰፊ ነው።