ለሽያጭ የቀረበውን የኮሪደራችንን መስኮት ይመለከታል

ለተከበሩ የቤቶች ኅብረት ሥራ ማኅበራችን ሊቀመንበር፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤናና ሰላም እመኛለሁ፤ በተለይም ለጉልበትዎ። ሊፍቱ ከቆመ ወዲህ እኛ ጋ አራተኛ ፎቅ ብቅ ብለው ስለማያውቁ፣ አሟቸው ይሆን ብለን መጨነቃችን አልቀረም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለማመስገን ነው። ማኅበሩ ከቤታችን ጎን ያለውን ባዶ አፓርታማ አሳድሶ ለሽያጭ ማቅረቡን ዋናው በር ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ አንብቤያለሁ። ወለሉ ያብረቀርቃል፣ ወጥ ቤቱ አዲስ ነው፣ ሳሎኑም «ትልቁን መናፈሻ ፊት ለፊት ያያል» ይላል። ይህ ሳሎን እስካለፈው ዓመት ድረስ የሚያየው እንደ እኛው ቤት የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነበር። ዓይኑን ያበራችሁለት እናንተ ናችሁ፤ እንዴት እንዳበራችሁለት ግን ሁሉም ስላላወቀ፣ ውለታችሁ ተደብቆ እንዳይቀር በዝርዝር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ኮሪደራችን መጨረሻው ላይ አንድ መስኮት ነበረው። የአፓርታማውን ግድግዳ ወደ ኮሪደሩ ገፋ አድርጋችሁ መስኮቱን ከነብርሃኑ ሳሎን አስገባችሁት። ኮሪደሩ አሁን በቀትርም ስለሚጨልም፣ ሰላምታ እንኳ የማንለዋወጥ ጎረቤቶች እየተላተምን ይቅርታ መባባል ጀምረናል።

፪ኛ፦ በዚያ መስኮት ሥር የአባቴ ወንበር ነበረ። አባቴ ጡረታ የወጡ የእግር ኳስ ዳኛ ናቸው። እግራቸው ደረጃ አልወርድም ካለ ወዲህ፣ ከሰዓት በኋላ እዚያ ተቀምጠው መናፈሻው ውስጥ የሚጫወቱትን ልጆች ከላይ ይዳኙ ነበር። ልጆቹ ባይሰሟቸውም፣ ከጨዋታ ውጪ የገባ ጎል አጽድቀው አያውቁም። ወንበሩን ሠራተኞቻችሁ ደረጃው ሥር ወርውረውልናል። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ የሚያዩት ግድግዳ ነው፤ ምግብ ቀነሱ፣ ወሬም ቀነሱ። እዚህ ላይ መቀለድ ስለሚያቅተኝ ወደ ሦስተኛው ልለፍ።

፫ኛ፦ ቢሮዎ ድረስ አቤት ብዬ ብመጣ፣ ጸሐፊዎ በመስኮቱ ማየት የሚችለው ቤቱን ለመግዛት የመጣ ሰው ብቻ መሆኑን በትሕትና አስረዱኝ። እንዲህ ያለ ቀና ምክር ከየት ይገኛል? በምክሩ መሠረት አባቴን ሙሉ ልብስ አልብሼ፣ ከረባታቸውን አስሬ፣ ቤቱ ለጎብኚ በሚከፈትበት ቅዳሜ ሁሉ ገዢ ሆነን እንገባለን። ደላላው ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ያቀርብላቸዋል። «ጋሼ፣ መታጠቢያ ቤቱንም ይዩት እንጂ» ሲላቸው፣ «ቆይ ልጄ፣ አጋማሹ ይለቅ» ይሉታል። ቅዳሜ ማታ ራታቸውን ጥርግ አድርገው ይበላሉ።

እንግዲህ ቤቱ የተሸጠ ዕለት አባቴ ምን ሆነው እንደሚገቡ ግራ ገብቶኛል። ግድግዳውን ወደ ቦታው መልሱልን እንዳልል ቀለሙ ገና አዲስ ነው። ቢሆንም እላለሁ፤ መልሱልን።

የሕዝብ መስኮት የግል ሳሎን ውስጥ እንደሚያምር ላሳየን ጥበብዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ሊፍቱም በሥልጣን ዘመንዎ እንዲንቀሳቀስ እየተመኘሁ፣

የዳኛው ልጅ
ከጨለማው ኮሪደር

ማስታወሻ፦ ባለፈው ቅዳሜ አንድ ባልና ሚስት ቤቱን ወደውት ቀብድ ሊከፍሉ ሲሉ፣ ባልየው መስኮቱ ከመጀመሪያውም የሳሎኑ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ደላላው አዎ ከማለቱ አባቴ ከኮታቸው ኪስ ቢጫ ካርድ አውጥተው አሳዩት፤ ከዚያም ግድግዳው ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ለእንግዶቹ በእርጋታ አስረዱ። ባልና ሚስቱ እናስብበት ብለው ሄደዋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤቱን የሚያስጎበኙት እርስዎ ራስዎ እንደሆኑ ሰምተናል። ደረጃውን ቀስ ብለው ይውጡ፤ ቀዩ ካርድ በሌላኛው ኪሳቸው ነው።