ለሟቹ ቫዮሊን ተጫዋች

ልደታ፣ አዲስ አበባ

ለምወድህና አሁን አሁን ለምሳቀቅልህ ታላቅ ወንድሜ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። ጤናህ እንዴት ነው? የሐዋሳ ሙቀት፣ ተማሪዎችህ፣ ያ የሚያስቸግርህ ትከሻህስ እንዴት ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። "ሁላችንም" ስል አንተንም ጨምሬ ነው፤ ለምን እንዲህ እንዳልኩ ወደ ታች ስትወርድ ይገባሃል። ቆመህ የምታነብ ከሆነ ግን ተቀመጥ። እኔ እንኳ መቀመጥ አቅቶኝ ይቺን ታህል ለመጻፍ ደጋግሜ ተነስቻለሁ።

በስልክ ያልነገርኩህ ቤታችንን ስለምታውቀው ነው። እማማ ጓዳ ሆና ስታስነጥስ አባባ ስፌት ቤቱ ውስጥ ሆነው "የርሐሙኪላህ" ይሏታል። ስለዚህ ፈሀድ ዕቃ ጭኖ ወደ ሐዋሳ ሲወርድ ይዞልህ እንዲመጣ በወረቀት አደረግኩት።

በፍላሽ የላክሃቸውን ሦስት ሙዚቃዎች እንዳዘዝከኝ የማን እንደሆኑ ሳልናገር ስፌት ቤት ከፈትኳቸው። "ያሉትን ቃል በቃል ጻፊልኝ፤ እንዳታሳምሪው" ብለኸኛል። አታስብ፣ ለማሳመር የሚሆን ልብ የለኝም።

ጋሽ ኢብራሂም ዛሬም ከአባባ ጎን ባለው የስፌት መኪና ላይ ነው። የመጀመሪያውን ሙዚቃ የጠበቃ ካባ እየዘመዘመ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ። ደስ ብሎኝ እንዴት ነው ስለው፣ "ጥሩ ነው፤ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?" አለኝ። ዘፋኝ የለውም፣ ረቂቅ ሙዚቃ ነው ብዬ ብነግረው አላመነኝም። እስከ መጨረሻው ጠበቀና ሲያልቅ "ሰውየውን አስቀሩት እንዴ?" አለ። ሁለተኛው፣ በአምባሰል ቅኝት የሠራኸው ሲመጣ ግን መጠበቁን ትቶ ራሱ ገባበት። ድሮ ሐይቅ ከተማ ስለተዋት ልጅ ግጥም ከራሱ እያወጣ ከቫዮሊንህ ጋር አንጎራጎረ። ባለቤቱ ሙፊዳ ምሳውን ይዛ በር ላይ መቆሟን ያወቀው ሳህኑ ሲወድቅ ነው። ያን ቀን ሳታናግረው ዋለች። ይሄንንም እንደ አድማጭ አስተያየት ቁጠርልኝ።

እትዬ ወርቄ ደግሞ አንደኛውን በማግስቱ ስደግመው ከጎረቤት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ ገቡ። "ማን ሞተ? ሬዲዮው ማንን አለ?" አሉ። በእሳቸው ዘመን ሬዲዮ ዘፋኝ የሌለበት ቀስ ያለ ሙዚቃ ከለቀቀ ትልቅ ሰው ሞቷል ማለት ነበር። ማንም አልሞተም ብንላቸው ወንበር ስበው ተቀመጡና "እንግዲህ አንዴ መጥቻለሁ" ብለው አለቀሱ። ሲጨርሱ ፊታቸውን ጠርገው ቀለል ብሎኛል፣ ነገም ትከፍቺዋለሽ ወይ አሉኝ።

የእኔን አስተያየት አልጠየቅከኝም። አንደኛው ትንሽ ረዝሞብኛል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ፤ ዙሪያውን መዞር ሰለቸኝ።

አባባ ምን አሉ ለማለት ፈርተህ "ሌሎቹስ?" ብለህ መጻፍህ ገብቶኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ ስምህ እዚህ ቤት አልተጠራም። ያኔ ለአረፋ የሚደርስ ልብስ ተከምሮ፣ ደንበኛ ፊት፣ "የሰው ልብስ ስጠቅም ዕድሜዬን አልጨርስም" ብለሃቸው ወጣህ። በሙዚቃው አይደለም የተቀየሙህ፣ በዚያ ቃል ነው።

የመጀመሪያ ቀን ሙዚቃው ሲጀምር የአባባ እግር ፔዳሉ ላይ ቀጥ አለ። "አጥፊው" ሊሉኝ ነው ብዬ ልዘጋው ተነሳሁ። "ድገሚው" አሉ። ደገምኩት። ሁለተኛውንም ሰሙ። ከዚያ "ማነው ይሄ ሰው?" ሲሉኝ ጎንበስ ብዬ ያልወደቀ መርፌ መፈለግ ጀመርኩ።

ካባቸውን ሊለኩ የመጡ አቶ ዋቅሹማ የሚባሉ ጠበቃ እዚያ ነበሩ። አታውቃቸውም፤ ከሕጉ ሌላ የቀረውንም ሁሉ የሚያውቁ ሰው ናቸው። መስታወት ፊት እጃቸውን እንደዘረጉ፣ ይሄማ አንድ የታወቀ አውሮፓዊ ነው፣ የረቂቅ ሙዚቃ ሰዎች እንደሆኑ ሁሉም ከሞቱ ቆይተዋል አሉ። አባባ "አምባሰልን ከየት አወቀው?" ቢሏቸው "ተጉዞ ይሆናላ" አሉ። አባባ ወደ እኔ ዞረው "ሞቷል?" አሉኝ። እኔም፣ ወንድሜ አፉ በለኝ፣ "አዎ፣ ሞቷል" አልኩ።

ምን ልበል? አለ ብል የት ነው፣ የማን ልጅ ነው ይመጣል። የሞተ ሰው አድራሻ አይጠየቅም ብዬ ነው።

አባባ ግን ደስ ያሰኛቸውን ሰው ዝም ብለው የሚያልፉ አይደሉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓስርን ሰግደው ሲመለሱ "እስቲ የዚያን ምስኪን ክፈቺ" ይላሉ። ሲያልቅ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ "አላህ ይዘንለት፣ ቀብሩን በኑር ያብራለት።" ጋሽ ኢብራሂም አሚን ይላል። አቶ ዋቅሹማም ካሉ አሚን ይላሉ። እኔም አሚን እላለሁ! በገዛ ወንድሜ ቀብር! ባለፈው ስልክህ ዝግ ሆኖብኝ ውሎ ስታነሳው ለምን ያን ያህል እንደጮህኩብህ አሁን ገባህ?

ቢጨንቀኝ ለእማማ ነገርኳት። ነጠላ ጫማዋን ወረወረችብኝና "ልጄን በቁሙ ቀበርሽው!" አለችኝ። አሁን አባባ ዱዓ ሲጀምሩ እሷ ጓዳ ሆና በለሆሳስ "ለጠላቱ፣ ለጠላቱ" ትላለች። ሂጂና ለአባትሽ እውነቱን ንገሪው እያለች ቁም ስቅሌን ታሳየኛለች። እንዴት ብዬ? ብነግራቸው እኮ በሠራተኛና በደንበኛ ፊት ቆሞ ለሚሄድ ልጃቸው የሙት ዱዓ ሲያደርጉ ከረሙ ማለት ነው። ያኔ አንተ በቃል አዋረድካቸው፣ አሁን ደግሞ እኔ በውሸት። በሁለታችን ተቀይመው በሩ ለሁልጊዜ ቢዘጋብህስ? ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። መቀስ አነሳና ያነሳሁበትን ረስቼ አስቀምጠዋለሁ። አንድ እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ ፈታሁት።

ሦስተኛውን መክፈት አልነበረብኝም። ቫዮሊኑን በጣትህ የምትመታበት ቦታ አለ አይደል፣ ፈጠን ብሎ ሄዶ ድንገት የሚቆመው? የአባባ እግር ክር በሌለው መኪና ላይ አብሮ ሄደ። ሙዚቃው ሲቆም ቆሙ፣ ሲጀምር ጀመሩ። ሲያልቅ "ይሄ ሰው መኪና ሥር ነው ያደገው" አሉ። አቶ ዋቅሹማ አውሮፓም ልብስ ሰፊ ሞልቷል አሉ። አባባ ያን ቀን ዱዓም ሳያደርጉ ወጡ።

እዚህ ጋ ደርሼ ብዕሩን ጥዬው ነበር። ምን ላድርግ ብዬ ልጠይቅህ ነበር ሐሳቤ። ግን ከዚያ ወዲህ የአባባ ነገር ግራ አጋባኝ፤ አንተው ፍረድ።

ሦስተኛውን በሰሙ ማግስት እጃቸውን ዘረጉና "አላህ ይዘንለት" በሚሉበት ቦታ "አላህ መንገዱን ያቅናለት" አሉ። ጋሽ ኢብራሂም ለአሚን የከፈተውን አፉን እንደከፈተ ቀረ። ዕድሜ ነው፣ ተሳስተው ነው አልን። ትናንት ደግሞ ምሳ ላይ፣ "ሟቹ ለአረፋ የት ነው የሚውለው?" ብለው ጠየቁ። እማማ እኔን አየች፣ እኔ ጣሪያውን። የሞተ ሰው የት ይውላል ብዬ ላርማቸው ፈልጌ በምትኩ ውሃ ቀዳሁላቸው። እሳቸው ምንም እንዳልተናገሩ ጎረሱ።

ዛሬ ጠዋት ስገባ ለዳኛ ካባ ያስቀመጡትን ምርጡን ጥቁር ጨርቅ ዘርግተው ኮት ሊቆርጡ ነው። ልኬት የለም። አባባ ያለ ልኬት መቀስ ሲያነሱ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አይቼ አላውቅም። ለማን ነው ስላቸው "ለሰው" አሉ። ብብቱን ሰፋ አድርገው አሰመሩ፤ ክንዱን አንስቶ የሚሠራ ሰው እንዳይዘው ነው አሉኝ። ትከሻው ጋ ሲደርሱ ጠመኔውን እንደያዙ ቆዩ። "ከዚያ ወዲህ ሰፍቶ ይሆናል" አሉ፣ ለእኔ አይደለም። ከዚያ ትንሽ ጨምረው አሰመሩና ቆረጡት።

እጅጌውስ ብላቸው፣ ሰውዬው ሲመጣ አልብሼው እለካዋለሁ አሉ። የትኛው ሰውዬ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ልወጣ ስል ጠሩኝ።

"ፈሀድ ነገ አይደል ወደ ሐዋሳ የሚወርደው?"

"አዎ አባባ።"

"እንግዲያው ጽፈሽ ጨርሺዋ፣ ምን ትጠብቂያለሽ" አሉና መኪናቸው ላይ ጎንበስ አሉ።

ይኸው ጨረስኩ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ ከክፉ ነገር ይጠብቅህ፣ በእግርህ አምጥቶ ለዓይናችን ያብቃህ። ሁሉንም የቁም ዱዓ ነው ያደረግኩልህ። አንተም በሐዋሳ አሚን በል፤ እኛ በልደታ ብለናል።

የምትናፍቅህ
እህትህ