የበራችን ቁጥር

ይድረስ ለእትዬ፦ ናፍቆቴ ቀድሞኝ ደጅሽ ይድረስ። እኛም በሰው አገር ተመስገን ደህና ነን።

ልጄ በሰፈሩ አዳራሽ ሥዕል ጀምራለች። አስተማሪዋ ሁሉም የቆዳውን ቀለም በጥብጦ፣ ከክንዱ ጋር እያስተያየ ራሱን እንዲስል አደረገች። ከሁሉም ጠቆር ያለው የኛዋ ነበር፤ ቀለሙን ስታገኘው ጮቤ ረገጠች። «ቤቴ የምትሉትን ቦታ ከሥሩ ጻፉ» ሲባል፣ መንገዳችንን ከነቤት ቁጥሩ ጻፈችው።

ሥዕሎቹ መንገደኛ እንዲያያቸው መስኮቱ ላይ ተለጠፉ። ማክሰኞ ጠዋት የሷ ብቻ የለም። «ሥዕሉን የወደደ ሰው ወስዶት ይሆናል» አለች አስተማሪዋ። ይሆናላ!

ባለቤቴ የበራችንን ቁጥር ፈቶ አነሳው፤ ቀለም ልቀባው ነው ይላል። ይኸው ሁለት ሳምንቱ። እኔም ልጅቷን በእግር ትምህርት ቤት ማድረስ ጀምሬያለሁ፤ ለጉልበቴ ጥሩ ነው።

ያቺ የጓሮ ክፍልሽ ተከራየች እንዴ? እንዲያው ለወሬ ያህል ነው።

ቤተሰቡን ሁሉ ሳሚልኝ። መልሱን ግን በመሥሪያ ቤቴ አድራሻ ላኪው።

ታናሽሽ